በገበሩ ውስጥ ያለችው ኪስ

ለምወድሽ እማዬ፤

እንደምን ነሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ቋ ቋ ይላል? ዓይንሽስ? ክር ለማስገባት አሁንም መርፌውን ወደ መስኮቱ ዘርግተሽ አንድ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ ወይስ መነጽሩን አሠራሽው? ክሩን በጥርስሽ መበጠሱንስ ተውሽ? ያቺን የፊት ጥርስሽን ክር እየሸረፈ እየሸረፈ መሃሏን በላት እኮ፤ እንዲያው መቀስ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እያየሽ። የስፌት መኪናሽስ ጤናዋ እንዴት ነው? እሷንም ልጠይቅ እንጂ፣ ዕድሜ ልክሽን ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ነው ያወራሽው። ይኸው ሰላምታዬ ሳያልቅ ነገር ጀመርኩ። ሳቂ እማዬ፣ ሳትስቂ አታንብቢው።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ስትሰሚው እንደማታምኚው አውቃለሁ፤ ድሮም ደህና ሳልሆን ነበር አብዝቼ ደህና ነኝ የምልሽ። አሁን ግን ማስረጃ አለኝ፤ ወፍሬአለሁ። ሕፃን ሳለሁ ድንቡሼ ብለሽ አወጣሽልኝ፣ ከዚያ እኔ ስከሳ ስከሳ ስሙ ብቻውን ወፍሮ ቀርቶ ነበር። አሁን ስሙና ባለቤቱ ተገናኝተዋል። ቀሚሶቼ ወገባቸው ላይ ወደ ውስጥ ያጠፍሽው ትርፍ ጨርቅ አለ ብለሽኝ ነበር፤ እሱን አሰናጂልኝ፣ ሊያስፈልገን ነው።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትይኝ ይሆናል። የማገገሚያው ስልክ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ሲያወራ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል። እሱ እንኳ ምንም አልነበር። ዋናው ነገር በስልክ ሲሆን ድምፄን አሳምረዋለሁ። ድምፅ ማሳመር እንጀራዬ ነበር፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ወረቀት ላይ ግን ድምፄ የለም፤ እጄ ብቻ ነው ያለው፣ እጄ ደግሞ መዋሸት ብዙም አይሆንለትም።

ባለፈው ስትደውዪ «ምነው እስካሁን ያላስወጡሽ? ካንቺ ጋር የገቡት ሁሉ ወጡ አይደል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሐኪሙ ዕረፍት ላይ ነው አልኩሽ። ውሸቴን ነው። ሐኪሙ አለ፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ደም ግፊቴን ለክቶ «አንቺ ሴት የፈረስ ልብ ነው ያለሽ» ብሎኛል። የቆየሁበት ምክንያት ሌላ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እሱን ልነግርሽና አንድ ነገር ልለምንሽ ነው።

ልመናዬን ገና ከአሁኑ ልንገርሽ፣ መሃል ላይ «ደንበኛ መጣብኝ» ብለሽ እንዳታስቀምጪው። ቅዳሜ የቤተሰብ ቀን ነው። ከእሱ በኋላ ከዚህ እወጣለሁ፤ የምገባበት ቤት ግን ገና አልተቆረጠም። ወይ ወደ አንቺ ነው፣ ወይ ደግሞ በሌላ ከተማ እንደ እኔ ያሉ ሴቶች አብረው ወደሚኖሩበት ቤት። እዚያ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ይሰጡኛል፣ አልጋም አለ። ክፉ ቤት አይደለም። ግን የአንቺ ቤት አይደለም። የቱ እንደሚሆን ቅዳሜ ይታወቃል፤ እሱንም የምንወስነው እኔና አንቺ ነን እንጂ ሐኪሙ አይደለም። ስለዚህ ነይልኝ። እንደ ባለፈው እንዳትቀሪብኝ።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

አብራኝ የምትኖረው የጂኦግራፊ መምህርት ናት። በዕድሜ አንቺን ታህላለች። ስታንኮራፋ አቀበት የሚወጣ የጭነት መኪና ናት፤ ስትነቃ ደግሞ የዓለምን ወንዝ ሁሉ ከነመነሻው ትዘረዝርልሻለች። እዚህ ያመጣት መጠጥ ነው። በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ወንበሮቻችንን ክብ አድርገን እንቀመጥና እናወራለን። መሃላችን የምትቀመጠው አማካሪያችን ናት። «እስቲ ቀጥዪ» ነው ያልናት፤ አለቀስሽም፣ ሳቅሽም፣ ጭራሽ የማይሆን ነገር ዘባረቅሽም፣ እሷ «እስቲ ቀጥዪ» ብቻ ነው የምትለው።

መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን ያየኝ ሁሉ ምን እንደምወስድና ስንት እንደምወስድ ሲጠይቀኝ ነበር። እሷ ግን ምን አደረገልሽ አለችኝ። አልገባኝም። «ጉዳቱንማ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ የምጠይቅሽ ጥቅሙን ነው፣ ምን አግኝተሽበት ነው እንዲህ የወደድሽው?» አለችኝ። እማዬ፣ እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅማ።

መምህርቷ ቀደመችኝና መለሰች። መጠጥ የጀመረችው ጣፍጧት አይደለም። ከሰው መሃል ስትሆን እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋታል፤ ብርጭቆ ስትይዝ እጇ ሥራ አገኘ፣ እጇ ሥራ ሲያገኝ አፏም ተፈታ፣ ሰዎቹም እንደ ሰው ቆጠሯት። እንዲህ ነው ያለችን። ሁላችንም ሳቅን። ሌላዋ፣ ባንክ ውስጥ ትሠራ የነበረችው፣ ዓለም ሁሉ እሷን ብቻ የሚያይ ይመስላት እንደነበርና ክኒኑን ስትውጥ ግን ሰዎቹ ዞር የሚሉላት እንደሚመስላት ነገረችን። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ከአፌ የወጣው «ዝም አሰኘኝ» የሚል ቃል ነው። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። «እስቲ ቀጥዪ» አለችኝ። ቀጠልኩ። ስለ ቤታችን ነበር ያወራሁት።

ያን አንድ ክፍላችንን ታስታውሽዋለሽ፣ በመጋረጃ የተከፈለውን። ከመጋረጃው ወዲያ ሙሽሮችሽ ቬሏቸውን ይለካሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ ደብተሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። አፍሽን እስፒል ሞልቶት ስለሚውል የምታነጋግሪኝ በቅንድብሽ ነበር። አንዱ ከፍ ሲል ሻይ አምጪ፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ድምፅ እንዳልሰማ። የሙሽሮቹ እናቶች «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ መኖሯም አይታወቅ!» ይሉሽ ነበር። ያኔ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፍሽ ታወጪና «እሷማ ተባርካ ነው የተፈጠረች» ትያቸዋለሽ። እስፒሉን አውጥተሽ ስለ እኔ የምታወሪው ያኔ ብቻ ስለነበር፣ ያችን ቃል ለመስማት ስል መኖሬ የማይታወቅ ልጅ ለመሆን በጣም ጎበዝኩ። ማስነጠሴን እንኳ ትራስ ውስጥ ነበር የማስነጥሰው።

አባዬ የተቀበረ ዕለት ግን አቃተኝ። ሰዉ ሁሉ ባለበት ድምፄ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው አመለጠኝ። አንቺ ያን ቡኒ ካፖርትሽን ለብሰሽ ነበር። እጅሽን በግራ በኩል ከገበሩ ሥር ከተትሽ፤ ልብሽን የምትዳብሺ መስሎኝ ነበር። ይዘሽ የወጣሽው ግን አንዲት ነጭ ክኒን ነው። በፊት ጥርስሽ ለሁለት ከፈልሻት። ግማሿን ዋጥሽ፣ ግማሿን ምላሴ ላይ አደረግሽልኝና «የልቤ መድኃኒት ናት፣ ያንቺንም ልብ ታሳርፍልሻለች» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር፤ አሳረፈችው። የሰዉ ድምፅ ራቀልኝ፣ የካፖርትሽ ሱፍ ጉንጬን ሞቀኝ፣ እንባዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። ሰዎች «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ!» ሲሉ ሰማሁ። አንቺም ራሴን ዳበስሽኝ። እማዬ፣ በሕይወቴ ሁሉ እንደዚያን ቀን የተወደድኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም ነበር።

ይህን የምነግርሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ፤ አልተቀየምኩሽም። ባል የሞተባት፣ ልጅ የያዘች፣ በማግስቱ የሰው ቬሎ ማስረከብ ያለባት ሴት ነበርሽ። ለቅሶሽን የምታስቀምጪበት ቦታ አልነበረሽም። ያለሽን ነው ያካፈልሽኝ፣ እሱንም እኩል አድርገሽ። ከዚያ ወዲህም ሰጥተሽኝ አታውቂም። ግን ልጅ ምን እንደሚማር አይታወቅም እኮ፤ እኔ ያን ዕለት የተማርኩት ለቅሶ ሲመጣ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ከዚያ በኋላ ካፖርትሽን ማየት ልማዴ ሆነ። አከራያችን በሩን ሲያንኳኳ፣ ነገረኛ አማት ልትለካ ስትመጣ፣ የፈተና ውጤቴ የሚነገር ቀን፣ እጅሽ ከገበሩ ሥር ይገባል። በጠራራ ፀሐይ ለብሰሽው ስትወጪ ጎረቤቶቻችን «ይህችን ሴትዮ ብርዱ ከየት ነው የሚያገኛት?» ይሉ ነበር። እኔ ግን ልቧን ያማታል ብዬ አዝንልሽ ነበር። የልብ ሐኪም ዘንድ ግን አብረን ሄደን አናውቅም።

ሥራዬን የወደድኩት ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። የአምቡላንስ ጥሪ መቀበል ማለት በሌላ ሰው ጩኸት መሃል ዝም ማለት ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የሚጮኸውን ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ የት ነህ፣ ትተነፍሳለች ወይ፣ አይዞህ እላለሁ። የፈረቃ ኃላፊው አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር እኔ አጠገብ ያስቀምጥና «ድምፅ ማለት ይህ ነው» ይል ነበር። ጩኸቱ ግን ስልኩ ሲዘጋ አይዘጋም። ከጆሮዬ ወደ ሆዴ ይወርድና እዚያ ይቀመጣል። የት ላድርገው? አንድ ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፈረቃዬ አልቆም ማዳመጫውን ሳላወልቅ መቀመጤን አይታ ከቦርሳዋ ክኒን አውጥታ ሰጠችኝ። ስውጣት የጠፋ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ። የካፖርትሽ ሙቀት ነበር እኮ የመጣልኝ! ከዚያማ አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቷም ብዙ። ሌላውን ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው ከሥራ የወጣሁበትን ቀን ነው። አንቺን ኃላፊው ጠላኝ ብዬሽ ነበር። ሚስቱን ምጥ የያዛት ሰውዬ ደወለ። በዚያ በማርና በወተት ድምፄ አረጋጋሁት፣ መኪናው መንገድ ላይ ነው አልኩት፣ ደጋግሜ አይዞህ አልኩት። ሰውየውም ተረጋጋ፤ «እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አለኝ። መኪና ግን አልላክሁም ነበር። ረስቼው አይደለም፤ ልኬ የጨረስኩ ነበር የመሰለኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት አይታ የላከችው። ደርሰውላታል፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ አትደንግጪ። ኃላፊው ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላይ በእጁ አነሳው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሰውዬ ግን እስካሁን አስበዋለሁ፤ ባዶ እጄን አመሰገነኝ።

እንግዲህ ወደ ጃኬቱ ልምጣ።

እዚህ ያደረስሽኝ ቀን በሩ ላይ ያን ግራጫ ጃኬት አለበስሽኝ። ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር፤ አንቺ ግን እስከ አንገቴ ቆለፍሽልኝና «ሲከፋሽ ልበሺው» አልሽኝ። ስገባ ዕቃዬን የፈተሸችው ሴትዮ ቀላል ሴት አይደለችም። ኪሴን ገለበጠች፣ ኮሌታውን ዳበሰች፣ የጫፉን እጥፋት በጣቷ እየጨመቀች ዞረችው። ምንም አላገኘችም። ከአንቺ እጅ የወጣ ስፌት እንዴት ሆኖ ይገኛል?

እኔ ራሴ ያገኘሁት ገና አዲስ ሳለሁ ነው። ክቡ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንድናገር የተጠየቅሁ ዕለት ያልሽኝ ትዝ አለኝና ጃኬቱን ለበስኩት። እጄ እኔን ሳያማክር በግራ በኩል ከገበሩ ሥር ገባ። ኪስ አለ። ጃኬቱ እዚያ ኪስ እንዳለው የነገረኝ ሰው የለም፣ እጄ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ውስጡ በቬሎ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሽንት ቤት ገብቼ ፈታሁት። ክኒኖቹ ሁሉም ግማሽ ግማሽ ናቸው።

በጥርስ የተከፈሉ ናቸው እማዬ። የቀሩት ግማሾች የት እንደገቡ አልጠይቅሽም።

አልዋጥኳቸውም፣ አልተናገርኩም፣ አልጣልኳቸውም። ብቻ ጃኬቱን ከላዬ አላወልቅም አልኩ። መምህርቷ «አንቺ፣ በዚህ ሐሩር ጃኬት ምንድን ነው? እንቁላል ታቅፈሻል እንዴ?» እያለች ስትቀልድብኝ ሰነበተች። ክቡ ውስጥ አፌ ስለ እውነት ያወራል፣ ክንዴ ግን ኪሷን ጫን አድርጎ እንደያዛት ነው። ሁሉም እየተሻላት ነው ይሉ ነበር፤ «መኖሯም አይታወቅ» እንደማለት ነው።

ከዚያ የባለፈው የቤተሰብ ቀን መጣ። ወንበር ይዤልሽ ነበር። ከጠዋት ጀምሬ ዓይኔ በሩ ላይ ተተክሎ ዋለ። ሙሽራይቱ ወፍራ ቬሎው እንደጠበባትና ልትመጪ እንደማትችይ በስልክ ስትነግሪኝ፣ አሳምሬ «ችግር የለም እማዬ፣ ሥራሽን ሥሪ» አልኩሽ። ተመልሼ ስሄድ የመምህርቷ ወንድም ባርኔጣውን ያንቺ ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ምንም አይደለም እኮ፣ ባርኔጣ ነው። ግን ወንበሩ ያንቺ ነበር። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ጃኬቱን ታቀፍኩት፣ አንዷን ግማሽ አውጥቼ ምላሴ ላይ አደረግኋት።

ምሬቷ ገና ሳይወርድ ምላሴ አንድ ነገር አገኘ። የተከፈለችበት ጠርዝ ልሙጥ አይደለም፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ጉብ ያለች ነገር አለችው። ያቺ ክር የሸረፋት ጥርስሽ ናት። ጥርስሽ ሳይነካው ያለፈው ቦታ ነው። አየሁሽ እማዬ። የስፌት መኪናሽን አቁመሽ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠሽ፣ ከራስሽ ላይ እየቀነስሽ አንድ በአንድ ስትከፍይልኝ አየሁሽ። ለእኔ ግማሽ ስትሰጪ አንቺ በግማሽ እንዴት ልትውዪ ነበር? ተፋኋት፣ የቀሩትንም መሬት ላይ በተንኳቸው። ከዚያ አለቀስኩ። አባዬ የተቀበረ ዕለት ያቋረጥኩትን ካቆምኩበት የቀጠልኩት ይመስለኛል፤ ድምፁ ራሱ የልጅ ድምፅ ነበር።

መምህርቷ ሰምታ ገባች። ያስታውከኝ መስሏት ሳፋ ይዛ መጣች፤ መሬት ላይ የተበተነውን ስታይ ሳፋውን አስቀምጣ አጠገቤ ዘጭ አለች።  «ከዋጥሽው ሐኪም እጠራልሻለሁ፣ ለአማካሪዋ ከሰጠሽው ደግሞ እጅሽን ይዤ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ምረጪ» አለችኝ። እጄን ይዛኝ ሄድን።

«እስቲ ቀጥዪ» ጃኬቱን ገልብጣ ብዙ አየችው። ይህን ማን ሰፋው አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ እኔ ነኝ አልኳት። እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የተገኘ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔንም ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ልወጣ ተቃርቤ ነበር፤ የቆየሁት ለዚህ ነው። አየሽ፣ የሐኪሙ ዕረፍት ማለት ይህ ነበር።

ከቢሮው ስንወጣ መምህርቷ ጆሮዬ ሥር «አንቺ የሰፋሽውን የመመገቢያ አዳራሹን መጋረጃ አይቼዋለሁ፤ ስፌትሽ ካርታ ላይ ያለ ወንዝ ነው የሚመስለው፣ ሲጠማዘዝ ውሎ ነው የሚደርሰው። ይህን ኪስ የሰፋው እጅ ሌላ ነው» አለችኝ። ስድብ ነው እንጂ እውነቷን ነው። ለማንም ግን አልተናገረችም። «እስቲ ቀጥዪ»ም ያወቀች ይመስለኛል፣ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም። ሰሞኑን ብቻ፣ ወጥተሽ የምትገቢበት ቤት ክኒን አለ ወይ አለችኝ። ያን ያህል የዋሸሁት ሴትዮ፣ ለዚህ ግን መዋሸት አልፈለግሁም። «ብቻሽን አትመልሺው፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ከባለቤቱ ጋር መልሺው» አለችኝ።

እማዬ፣ ክኒን ካለ መግባት አልችልም። ከልክለውኝ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የትም ብታደርጊው እጄ ያገኘዋል፤ ዓይኔን ቢሸፍኑት ያገኘዋል። አንቺንም አይደለም የምፈራው፤ ላንቺ ነው የምፈራው። ጉልበትሽ ስለሚንቋቋ ደረጃ ላይ ትወድቃለች ብዬ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ መርፌው ይወጋታል ብዬ፣ ስልክ ላይ ቃል ሲጎተትብሽ ምን ሆና ነው ብዬ እፈራለሁ። ድምፅ መስማት እኮ ሥራዬ ነበር።

አሁን ስለ እዚህ ጥቂት ልንገርሽ። የሚያስደነግጥ ቦታ አይደለም። ማንም ማንንም አይሰድብም፣ ከመምህርቷ በቀር። ክቡ ውስጥ ከምንቀመጠው ሴቶች ግማሾቹ ያንቺ እኩዮች ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም የልጅ ልጆቿ ናቸው ሊጠይቋት የሚመጡት። ክኒኑ ለብዙ ጊዜ የቆየባቸውን ሰዎች ሐኪሙ በአንዴ አያስተዋቸውም፤ ቀስ እያደረገ፣ እያየ፣ ሳይጎዳቸው ነው የሚቀንስላቸው። ብቻቸውን በድንገት እንዲያቆሙም አይፈልግም። መምህርቷ በሚቀጥለው ሳምንት ትወጣለች። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ለስፌት ይሆናል። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው የነገርኩሽ።

ኪሷን ተረተርኳት። መቀስ እዚህ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ ወጥ ቤቷ ሴትዮ ትንሿን መቀስ አውሳኝ እስክጨርስ ድረስ እንደ ዘበኛ አናቴ ላይ ቆመች። ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ስፌቱ ከማማሩ የተነሳ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወጥ ቤቷም አጎንብሳ አየችውና «የማን እጅ ነው ይሄ?» አለች። የእናቴ ነው አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፣ ያውም እየኮራሁ። ክሩን አልጣልኩትም፤ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ጃኬቱ አሁን ባዶ ነው፣ ግን አሁንም ይሞቃል።

ቅዳሜ ነይ። ሙሽሮቹ አንድ ቀን ይጠብቁ፤ የሚወፍሩትም ይወፍሩ። ወንበርሽን ከጎኔ አደርገዋለሁ፣ ባርኔጣ የሚያስቀምጥበት ሰው ካለ እኔ ነኝ የማነጋግረው። ስትመጪ ድምፅሽን አታሳምሪ፣ እኔም አላሳምርም። ማልቀስ ከመጣብሽ አልቅሺ፤ እዚህ ጠንካራ የሚል ሰው የለም።

ፀሐይም ቢሆን ያን ቡኒ ካፖርትሽን ለብሰሽ ነይ። ትንሿን መቀስ ወጥ ቤቷን ከአሁኑ አስፈቅጃታለሁ።

እስከዚያው ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልብሽን እሱ ራሱ ያሳርፍልሽ። መንገዱን አቅንቶ በሰላም ያገናኘን።

መኖሯ የሚታወቅ ልጅሽ፣
ድንቡሼ